የሐሙስ ውሃ

ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ማንንም አትነካም ነበር።

በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ትገባለች። ታናሽ ወንድሜ እግሯ ላይ ሊጠመጠም ሲሮጥ "ቆይ አንተ! አትንካኝ!" ትለዋለች። ጫማዋን ደጃፍ ላይ ታወልቃለች፣ ቦርሳዋን ከግድግዳው ሥር ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት። ውሃው ሲፈስ እንሰማለን። ዝም ብሎ ይፈሳል። ስትወጣ ልብሷን ሁሉ ቀይራ ነው፣ ጸጉሯም ይንጠባጠባል። ያኔ ነው ወንድሜን ብድግ አድርጋ የምትስመው።

በሌላው ቀን እንዲህ አታደርግም። እሑድም ማክሰኞም የምትመጣው ከዚያው ከመሐል ከተማ፣ የሰው ቢሮ ስትጠርግ ውላ ነው። እንዲህ የምትሆነው ሐሙስ ብቻ ነው።

እናንተ ልጆች፣ ዛሬ እኔን ስታዩኝ ሁሉን የታገሥኩ ሴት እመስላችኋለሁ። ያኔ ግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ቤታችን ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት መናሔም የሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ እኔም የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። በዕብራይስጥ ከእናቴም ከአባቴም እበልጣለሁ። ትምህርት ቤት ገና በሩን ስረግጥ ማንንም ሳይጠይቁ ሃጊት ብለው ስም አውጥተውልኛል። እናቴ ያንን ስም ስትጠራ ትኩስ ነገር አፏ ውስጥ የገባ ትመስላለች። እኔ ግን በስሜ እኮራ ነበር፤ የእነሱ የሆንኩ መስሎኝ።

በቤታችን ሁሌ የሚነሳ አንድ ነገር ነበር፣ እሱም አክስቴ አዝመራ ናት። የእናቴ ታናሽ እህት። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ጎንደር ውስጥ በአንድ ባለርስት ደጅ ተጠግታ ነው የኖረችው። እኛ ቤተ እስራኤሎች የራሳችን መሬት አልነበረንማ። ሰውየው ደርግ ርስቱን ከወሰደበት በኋላም በአገሩ የሚፈራ ነበር፣ አያቴ ስትሞት አዝመራን ለቤቱ ሥራ ወሰዳት። ገና ጡቷ ያላጎጠጎጠ ልጅ። ወገኖቻችን በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም የተነሱት ደግሞ በድብቅና በድንገት ነው። እናቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ እህቷን ከዚያ ግቢ የምታወጣበት መንገድ አልነበራትም። ትታት መጣች።

አዝመራ ካደገች በኋላ ጎንደር ከተማ ወጥታ "እኔም ወደ ወገኖቼ ልሂድ" ብላ እዚያ ያሉትን የእስራኤል ሰዎች ጠየቀች። "በክርስቲያን ቤት ያደግሽ ክርስቲያን ነሽ" አሏት። እዚህ ደግሞ እናቴ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት፣ አንዱ ቢሮ በመጨረሻ "እህትሽ አይሁድ ለመሆኗ ምስክር በአካል አምጪ፤ ዘመድ ግን መሆን የለበትም" አላት።

ዘመድ መሆን የለበትም! ከዚያች መንደር እኮ የወጣን ሁላችንም ዘመዳሞች ነን። ይህ ነገር ዛሬም ሲነሳ ያንገበግበኛል። በዚያ አገር ማን እንደሆንን የሚጠይቀን ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ያውቀን ነበር፤ ለዚያም ነው እንዳናረክሰው ብሎ የሚጠጣበትን ዋንጫ የሚደብቅብን። እዚህ ኢየሩሳሌም ስንደርስ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስሟን ጠርተን ወደጸለይንባት አገር ስንገባ፣ "ማን ያውቃችኋል?" ተባልን።

እንግዲህ የሐሙሱ ውሃ በዚያ ሰሞን ነው የጀመረው።

አንድ ቀን አባ ዘመነ የሚባሉ ጎረቤታችን መጡ። አባቴ ተፈራ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣላቸው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ የቤት ሥራ እሠራለሁ፤ ጆሮዬ ግን በረንዳው ላይ ነው።

"ተፈራ፣ እኔ ነገር አመላላሽ አይደለሁም" አሉ።

"አይደሉም አባ ዘመነ። ዛሬ ግን አንድ ይዘው የመጡ ይመስላሉ።"

"አትቀልድ። አማረችን ኢትዮጵያ ጎዳና አየኋት። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ።"

"መንገድ ነው፣ ሰው ያልፍበታል።"

"ስታልፍ መች አልኩህ? ስትወጣ ነው ያልኩህ! ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ከሚሉት፣ ክቡን ቤተ ክርስቲያን ካለበት ግቢ። ቆብ ያደረገች መነኩሲት በር ድረስ ሸኘቻት። አንተ ልጅ፣ እነዚህ የቢሮ ሰዎች ክርስቲያን ናችሁ ሊሉን ሰበብ ሲፈልጉ ነው የሚያድሩት። ሚስትህ ሰበቡን በእጇ ልትሰጣቸው ነው? ለልጄ የጋብቻ ፈቃድ ስጠይቅ ምን እባላለሁ? ለአንዷ እህቷ ስትል ሁላችንን ልትበትን ነው?"

አባቴ ተነሣ። ያለው "ዱዱን አብርቼ ትቼዋለሁ፣ ልይ እስቲ" ብቻ ነው። ዱድ የምንለው ጣራ ላይ ያለውን የውሃ ማሞቂያ በርሜል ነው። በጋ ላይ ፀሐይዋ ታሞቀዋለች፤ በክረምት ግን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ያለውን ማብሪያ ስትጫኑት ቀይ መብራት ይበራል፣ በኤሌክትሪክ ይሞቃል። አባቴ በዚያ ማብሪያ ላይ ቀልድ አያውቅም። እኛ ልጆቹ ከነካነው ቤቱ ይናወጣል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ራሱ ሄዶ ያበራዋል። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፣ የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

በዚያች ሰዓት በልጅ አእምሮዬ ያገጣጠምኩት ሌላ ነው። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ "ክርስቲያን መሆን የፈለገ ሰው ውሃ ውስጥ ይነክሩታል" ብላኛለች። ቤተ ክርስቲያን፣ መነኩሲት፣ የረጠበ ጸጉር። አለቀ! እናቴ ሐሙስ ሐሙስ እየተጠመቀች ነው። አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጠመቁ ማን ነገረኝ? ስንት ወር ሙሉ እየነከሯት አልይዝ ብሏት ይሆናል አልኩ።

ተናደድኩ። እንዴት እንደተናደድኩ ልነግራችሁ አልችልም። እኔ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ "አይሁድ አይደላችሁም" ካለኝ ልጅ ጋር ጸጉር ለጸጉር ተያይዤ እመጣለሁ፣ እሷ ሄዳ የጠላቶቼን አፍ እውነት ታደርገዋለች!

በሚቀጥለው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ቶሎ ወጥቼ በአውቶቡስ መሐል ከተማ ወረድኩ። የምትሠራበትን ሕንፃ አውቀው ስለነበር ከፊት ለፊቱ ካለ ሱቅ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። ዝናቡ ያካፋል። እናቴ ወጣች፣ ሻሿን አጠበቀች፣ የነቢያት ጎዳናን ተሻግራ ወደዚያች ጠባብ መንገድ ገባች። ከግራና ከቀኝ የድንጋይ አጥር ነው፣ ከአጥሩ በላይ ጥድ፣ ከጥዱ በላይ ያ ክቡ ጣራ። የብረቱ በር ገርበብ ብሏል። እሷ ገባች፣ እኔም ተከትዬ ከበሩ ኋላ ተለጠፍኩ። ግቢው ድመት በድመት ነው። በገመድ ላይ የረሱት ቢጫ ነጠላ ዝናብ ይዘንብበታል።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ትገባለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልገባችም። ከመነኮሳቱ ክፍሎች በአንዱ ደጅ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ሁለት የድንጋይ መቀመጫዎች ተራርቀው አሉ። በአንደኛው እናቴ ተቀመጠች፣ በሌላው መነኩሲቷ። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ይሏታል። ለእኔ የዓለም አሮጊት መስላኝ ነበር፤ አሁን ሳሰበው ሠላሳ ዓመት እንኳ የሞላት አይመስለኝም። እናቴ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ መንገድ ላይ አይታ ያወቀቻት እሷን ነው፤ የዚያ ባለርስት ልጅ ናት። አዝመራ ያደገችበት ቤት ልጅ! ዘመድ ያልሆነች፣ እህቷን የምታውቅ፣ እዚሁ ኢየሩሳሌም ያለች ሰው። በዚህ ከተማ ሁሉ አንድ ምስክር ብትኖር እሷ ነበረች።

ያን ቀን ለእኔ የሚሰማኝ ዝናቡ እየቆራረጠው ነው።

"...ኃጢአት ነው አማረች፣ አትለምኚኝ። አባቴ አፈር ለብሷል። ሙት አነሥቼ ላዋርድ?"

"እኔ ስለ ሙቱ መች መጣሁ? በሕይወት ስላለችው ነው የመጣሁት።"

"እኔ ዓለምን ትቻለሁ እኮ።"

"እርስዎ ትተውት ይሆናል። እህቴ ግን እዚያው ዓለም ውስጥ ቀርታለች።"

መነኩሲቷ በኩባያ ውሃ ቀድታ አቀረበችላት። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች፣ ኩባያውን ግን አልነካችም። መነኩሲቷ አለቀሰች፣ አማተበች። እኔ የሰማሁት "ኃጢአት" የሚለውን ነው፣ ያየሁት ውሃውንና ማማተቡን ነው። ከዚያ በላይ ምን ልይ? ሮጬ ወጣሁ።

ማታ እናቴ እንደ ልማዷ ታጥባ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋት።

"አውቄብሻለሁ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ክርስቲያን ሆነሻል! ሐሙስ ሐሙስ ትጠመቂያለሽ! ጸጉርሽ ርጥብ ነው!"

እናቴ ፎጣውን እንደያዘች አየችኝ። ትመታኛለች ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሷ ግን ሳቀች። ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ ጎኗን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ተፈራ! ተፈራ ና ስማ! ልጅህ ምን እንዳለች ና ስማልኝ!" አባቴም መጥቶ ሰምቶ ሳቀ፤ እኔ በመሐላቸው በንዴት ልፈነዳ ነው።

ከዚያ እናቴ አልጋዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችኝ። "አንቺ ሕፃን ሆነሽ ስለመጣሽ አታውቂውም" አለች። "በአገራችን ከክርስቲያን ጋር ገበያ ውለን፣ እጃቸውን ነክተን ስንመለስ ወንዝ ሳንገባ ቤታችን አንገባም ነበር። እናቴ ከነልብሷ ነበር የምትገባው። እኔም የማጥበው እሱን ነው። ቄሶቻችን 'እዚህ ቀርቷል፣ ተዉት' ይላሉ፤ ገላዬ ግን አልተወውም። እዚያ ግቢ ገብቼ ወጥቼ ልጆቼን እንዴት እንዲያው ልንካ?"

እንግዲህ አያችሁ? እኔ የክርስትናዋ ምልክት ያልኩት ውሃ የአይሁድነቷ ምልክት ነበር። አባቴም ያን ቀይ መብራት የሚያበራላት ሄዳ የት እንደምትውል አውቆ ነው። አባ ዘመነ ሲጮሁበት ስለ እሷ አንዲት ቃል ያልመለሰ ሰው፣ በየሐሙሱ ውሃውን አሙቆ ይጠብቃታል።

"ታዲያ እሺ አለች?" አልኳት።

"አላለችም።"

"እሺ ካላለች ለምን ትሄጃለሽ?"

"ምን ላድርግ፣ ልቀመጥ?" አለች እናቴ።

ክረምቱ ሳይወጣ እማሆይ እሺ አለች። እንዴት እንደሆነ እናቴ የነገረችኝ ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው። እማሆይ "ብመጣ ይቀበሉኛል?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ "አላውቅም" አለች። "የአባቴን ነውር ተናግሬ፣ ሳይቀበሉኝ ብቀርስ?" "እሱንም አላውቅም እማሆይ። ይሆናል ብየ አልዋሽዎትም።" ሴትዮዋም "እሺ፣ ሐሙስ አስፈቅጄ እወጣለሁ" አለች። እኔ ብሆን ኖሮ "እንዴታ፣ ይቀበሉሻል!" ብዬ እምል ነበር፤ ምናልባትም ያኔ አትመጣም ነበር።

እናቴ ወደ ቢሮው እኔን ይዛኝ ሄደች። "አንቺ ቋንቋውን ታውቂያለሽ፣ ጆሮ ሁኚኝ" አለችኝ። አስተርጓሚው የእኛው ልጅ ነው፣ ሽሎሞ የሚባል፣ ኪፓ የሚሉትን የአይሁድ ቆብ ያደረገ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። ከጠረጴዛው ማዶ ጢማም ሹም ተቀምጧል። መነኩሲቷ በቆቧና በጥቁር ቀሚሷ ስትገባ ሹሙ በሩን አየ፣ ሽሎሞን አየ፣ "ይህ ምንድን ነው?" አለ በዕብራይስጥ።

"ምስክራችን ናቸው" አለች እናቴ።

እማሆይ አልተቀመጠችም። ቆማ፣ መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

"አዝመራን አውቃታለሁ። ከአባቴ ቤት ያን ሁሉ ዓመት ኖራ ከገበታችን አልቀረበችም። አባቴ በገል ነበር የሚያበላት፣ የምትጠጣበት ቅልም ለብቻው በረት ላይ ነበር የሚንጠለጠል። የምትተኛውም እዚያው በረት ነው። ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ሆና ትወጣለች ይሉን ነበር። ቅዳሜ ውሃ አልቀዳም ብላ ትገረፋለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም አትቀዳም። ክርስትና ተነሺና ከኛ ጋር ብዪ ብለዋት እምቢ ብላለች። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ስንጫወት እጇን ብይዝ እናቴ አይታ ጸበል አስመጥታ ከራስ እስከ እግሬ አስረጨችኝ። ይህ ነው የማውቀው። እግዚአብሔር ይየኝ።"

ጸበሉን ስትል እናቴ ቀና ብላ አየቻት። ያን ዓይን አልረሳውም።

ሽሎሞ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ለሹሙ "ልጅቷን ታውቃታለች፣ አይሁድ ናት ትላለች" አለ።

እናቴ ዕብራይስጥ እምብዛም ባታውቅም ርዝመት ታውቃለች። "አንተ ልጅ" አለችው፣ "እሳቸው ይህን ሁሉ ተናግረው አንተ በሁለት ትንፋሽ ጨረስከው?"

"እማማ፣ የቀረውን ምን ብየ እነግራቸዋለሁ? በገል በላች፣ ጅብ ትሆናለች… ያሳፍራል እኮ።"

"ማንን ነው የሚያሳፍረው? እህቴን? የበላችበት እሷን ነው የሚያሳፍር? ንገረው! ገሉን ንገረው! ቅሉን ንገረው!"

ሽሎሞ ፊቱ ጠቆረ። እየተንተባተበ ሁሉንም ተናገረ፣ አልሸሸገም። ጅቡ ጋ ሲደርስ ሹሙ ሳቀ። ሳቀ እላችኋለሁ! ከዚያ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ "ክርስቲያን ለአይሁድ ትመሰክራለች? እንዲህ ያለ ነገር የት ይገኛል?" አለ።

ሽሎሞ ሲነግራት እናቴ ተነሣች። ድምፅዋ አልጮኸም።

"እንዲህ በልልኝ። ጎንደር ላይ አይሁድ መሆናችንን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። የጠሉን ሰዎች እንኳ አውቀውን ነው የጠሉን። እናንተ ወንድሞቻችን ናችሁ ተብለን መጣን፤ እናንተ ግን የጠላቶቻችንን ያህል እንኳ አታውቁንም።"

ሽሎሞ ይህንን አላሳጠረውም። ሹሙ ብዕሩን መልሶ አንሥቶ "ኒርኤ" አለ። እናያለን ማለት ነው። ፈገግም ብሏል። እኔ በፈገግታው ተታልዬ ደረጃውን እየዘለልኩ "ትመጣለች! ትመጣለች!" እያልኩ ወረድኩ። እናቴ ከኋላዬ ቀስ ብላ ወረደች። እናያለን የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማችው እኔ የት አውቄ።

ትጠይቁኛላችሁና ልንገራችሁ፣ አዝመራ መጣች። በዚያ ዓመት አይደለም፣ በሚቀጥለውም አይደለም። እኔ ወታደር ሆኜ ነው ከአየር ማረፊያ የተቀበልኳት። የእማሆይ ቃል ረድቶ ይሁን ወይ ሌላ ነገር፣ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እማሆይም ሳታያት አረፈች። ከመጣች በኋላስ ምን አደረጓት መሰላችሁ? "ወደ ሃይማኖትሽ መመለስ አለብሽ" ብለው ትምህርት ቤት አስገቧት፣ በመጨረሻም ውሃ ውስጥ አጠለቋት። ክርስቲያኖቹ አይሁድ ናት ብለው ዋንጫቸውን የከለከሏትን ሴት፣ አይሁዶቹ ክርስቲያን ናት ብለው ውሃ ውስጥ ነከሯት! አክስቴ "ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ያው አዝመራ ነኝ" ብላ ትስቃለች። እኔ ግን መሳቅ አልችልም።

ወደዚያ ሐሙስ ልመልሳችሁ።

ከቢሮው ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። እማሆይ ከግቢዋ ብዙ አትወጣም፣ ያፎ ጎዳና ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቆማ ቀረች። አንድ እርምጃ ትወጣለች፣ አውቶቡስ ሲመጣ ትመለሳለች። እናቴ አየቻት። ከዚያ ክንዷን በክንዷ ቆልፋ "ይምጡ" አለቻት። ተሻገሩ። ከተሻገሩ በኋላ ትለቃታለች ብዬ ስጠብቅ አልለቀቀቻትም። እስከ ኢትዮጵያ ጎዳና፣ እስከ ብረቱ በር ድረስ ተያይዘው ሄዱ፣ እኔ ከኋላ። በሩ ላይ ተለያዩ።

ቂርያት መናሔም ስንደርስ መሽቷል። በሩን እናቴ በክርኗ አልገፋችውም፣ በእጇ ከፈተችው። ወንድሜ ሲሮጥ መጣ። "ቆይ" ትለዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ጎንበስ ብላ አነሣችውና አንገቱ ሥር ሳመችው።

አባቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለ። ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም፣ ፊቷን አይቶ መልስ እንዳልተሰጠን ገብቶታል።

"አማረች፣ ውሃው ሞቋል" አላት።

"ለልጆቹ ይሁን" አለች።

አባቴ ትንሽ ቆሞ አያት፣ ደረቅ ጸጉሯን፣ የታቀፈችውን ልጅ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደና ቀዩን መብራት አጠፋው።